ከሙጫ ሥር ስለቀረችው ስንዝር

ለተከበሩ የከተሞች የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የጠፋው አንድ ስንዝር አገር እንዲመለስልኝ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ የረዘመ፣ መንገድዎም ሁሉ በሰሌዳዎ ላይ እንደተጻፈው ያጠረ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። «ባሉበት» ብዬ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ የት እንዳሉ አውቄ አይደለም። አራት የሥራ ቀን ሙሉ በርዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጸሐፊዎ አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንዴ «መስክ ወጥተዋል»፣ አንዴም «ውይ፣ አሁን እዚህ ነበሩ እኮ» ብላኛለች። ተስፋዬን ያለመለመልኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ቢያንስ መኖርዎን አረጋግጦልኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ባለፈው ዓመት በቅየሳ ትምህርት ተመርቄ፣ ለረዳት የርቀት ባለሙያነት ካመለከቱት አንዷ የሆንኩ፣ በመዝገብዎም ላይ ከስሜ አጠገብ «ያልቀረበች» የሚል ቀይ ማኅተም ያረፈብኝ ነኝ። ማኅተሙ ሲመታ እዚያው ቆሜ ስለነበር ቀለሙ እጅጌዬ ላይ ፈንጥቋል፤ ታጥቦም አልለቀቀም። ምን ይደረግ፣ ጥራት ያለው ቀለም ነው፤ ለዚህም መሥሪያ ቤቱ ሊመሰገን ይገባል።

የሥራ ማስታወቂያዎን ሳነብ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። «በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ አስልቶ በሰሌዳ ላይ የሚያሰፍር» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህንን ሥራ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያለ ደመወዝ ስሠራው ኖሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ እርስዎ ወዳሉበት ከተማ የሄደ ዕለት፣ ልብስ ሰፊዋ እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ስንት ይርቃል?» አለችኝ። እኔም ከመኪናዋ ላይ ክር በጥሼ፣ የትምህርት ቤቴን የካርታ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ክሩን ከእኛ ከተማ እስከ እናንተ ከተማ ወጥሬ፣ ከሥር ካለው መለኪያ ጋር አስተያይቼ ነገርኳት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። እናቴም ክሩን ተቀብላኝ በጣቷ ጠቅልላ፣ መርፌዎቿን በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሥራ ተመኝቼ አላውቅም።

ይህን ያልኩት ሆድዎን ለማባባት እንዳይመስልዎ። ቁጥሩን እንዲያስታውሱልኝ ብቻ ነው፤ ኋላ ያስፈልገናል። አሁን ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጥሪው።

የመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ፍትሐዊ ነው፤ አንብቤዋለሁ፣ አድንቄዋለሁም። በሰሌዳው ላይ የጉዞ ጊዜው ከሁለት ሰዓት በታች የሆነ ተፈታኝ ፈተናው ከአንድ ቀን በፊት ይነገረዋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነ ደግሞ ከአምስት ቀን በፊት። እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቴን የቀሚስ እጅጌ ሳስለካ ስልኬ ጮኸና ጸሐፊዎ፣ ድምጿ ጆሮ የማይጠግበው፣ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለፈተና ትቀርቢያለሽ፤ የመለኪያ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ከየት እንደምነሳ ላስረዳት ብሞክር «አይ አንቺ፣ ምን አስጨነቀሽ! ሰሌዳውን አይቼልሻለሁ እኮ። ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ። ቁርስሽን በልተሽ፣ ፀጉርሽንም ተሠርተሽ ትደርሻለሽ» ብላ አጽናናችኝ።

ለስሌቱ ትክክለኛነት ምስጋናዬ ይድረሰዎ። ሰሌዳዎ አውሮፕላንን በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል፤ ሰባት መቶ ሰማንያን ለስድስት መቶ ቢያካፍሉ በእርግጥም አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ይሆናል። ማካፈሉ ላይ ምንም እንከን አላገኘሁም። እኔን ያሳሰበኝ የተካፈለው ነገር ነው። በስምንት ዓመቴ በክር የለካሁት መንገድ፣ እኔ ስማርና ስመረቅ ሳለ፣ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አጥሮ ጠበቀኝ። እኔ ባደግሁ ቁጥር አገሩ እየተሰበሰበ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጉዞው።

ሰሌዳዎ ስለ አውሮፕላኖች ያለው እምነት ልብ የሚነካ ነው። አውሮፕላን ማለት ሰው በሩ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝለት ጥግ ይዞ የሚቆም ነገር ይመስለዋል። የትኬት ቢሮው ሠራተኛ ግን ይህንን እምነት የማይጋራ ጨካኝ ሰው ሆኖ አገኘሁት። «እህቴ፣ ወደዚያ በቀጥታ የሚሄደው ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የዛሬው ሄዷል። የግድ ነገ መድረስ አለብኝ ካልሽ መጀመሪያ ወደ ኋላ መሄድ ነው» አለኝ። በመኪናማ ሁለት ቀን ነው፤ አይታሰብም።

እናም ወደ እርስዎ ለመምጣት ከእርስዎ ራቅሁ። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ፣ ጀርባዬን ለፈተናው ሰጥቼ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ወደ ሌላ ከተማ በረርኩ። እዚያ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። በጥበቃው መሐል፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ ፈተናው መጀመሩን ለማክበር ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እንደነበር ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል፤ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ተጠራ እንዴ?» ብለው አብረውኝ ተነሡ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በርሬ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቢሮዎ ከአንድ ሰዓት በላይ በሕዝብ ማመላለሻ ተገፍቼ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በርዎን አንኳኳሁ። አምስት ሰዓት አርፍጄ። ፀጉሬንም አልተሠራሁም።

በመንገዴ ላይ ግን ያየሁት ነገር ስላለ ልንገርዎ፤ በመስኮቱ ቁልቁል ስመለከት አንድ ትልቅ ሐይቅ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ቆርቆሮአቸው በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ሁለት ከተሞች አየሁ። ደስ የሚሉ ከተሞች ናቸው። ይህን በልብዎ ይያዙልኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ መቅረቴ።

ጸሐፊዎ እንዳየችኝ ከልቧ አዘነችልኝ። «እኔን! ምነው ቀረሽ?» አለችኝ። መምጣቴን በአካል ባስረዳትም፣ ፈተናው በአምስት ሰዓት ተኩል ስላበቃ ቀርተሻል ተባልኩ። ይህ ይሁን። እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ለካስ በመመሪያችሁ መሠረት ያልቀረበ ተፈታኝ አለመቅረቡን በፊርማው ካላረጋገጠ ፋይሉ አይዘጋም፤ ለመፈረም ደግሞ በአካል መገኘት ግዴታ ነው። «እንኳን መጣሽ፤ ባትመጪ ኖሮ አልቀረበችም ለማለት ይቸግረን ነበር» አለችኝ ቅጹን እያዞረችልኝ። ክቡር ሆይ፣ ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ፈተና አልፌ፣ እንደዚያች ሰዓት የሚያስፈልግ ሰው ሆኜ አላውቅም። ፈረምኩ። «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው አመልካች በዚህ ቦታ አልነበርኩም» ከሚለው ሥር፣ በዚያው ቦታ፣ በራሴ እጅ ፈረምኩ። ማኅተሙም ያኔ ነው እጅጌዬ ላይ የፈነጠቀው።

እስኪርቢቶዋንም መለስኩላት። ያልነበረ ሰው የሰው እስኪርቢቶ ይዞ ሄደ እንዳይባል።

አራተኛ፦ ስለ ካርታው።

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ብል ይታገሡኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ከአግዳሚው ወንበር ፊት ለፊት፣ ከፋይል ቁም ሣጥኑ አናት እስከ ጣሪያው ድረስ የተለጠፈውን ትልቁን የግድግዳ ካርታ እያየሁ ነበር። የርቀት ሰሌዳዎ የተሠራው ከእርሱ ላይ በማስመሪያ እየተለካ እንደሆነ ከሥሩ በትልቁ ተጽፏል። ሥራ የፈታ ቀያሽ ደግሞ ካርታ ፊት ለፊት አይቀመጥም ክቡር ሆይ፤ ውሻን ከልኳንዳ ቤት ደጃፍ እንደማስቀመጥ ነው። በካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመሩትን ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ስድስት።

ዓይኔን አሸሁ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ ሠላሳ ስድስት።

ወንበሩን ወደ ካርታው ስቤ፣ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት። በምረቃዬ ዕለት የተሸለምኩትን ባለ አምስት ሜትር የብረት ሜትር ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ስለ ሸላሚው ኋላ እመለሳለሁ። ያኔ ጥበቃው ደረሰብኝና «አንቺ ልጅ! የመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ውረጂ!» አለኝ። እኔም ያሰብኩት ሳይሆን ከአፌ የወጣው «አባባ፣ ይልቅ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ» የሚል ሆነ። ደጉ ሰው መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫፉን ያዘልኝ። መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለም «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ... ኧረ ጉድ! መሐሉስ?» አለ። ይህንን ጥያቄ የጠየቀ የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረባ ጥበቃው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለዕድገቱ ይረዳው ዘንድ አሳውቃለሁ።

መሐሉ እዚያው ነው ያለው። ወረቀቱን በጣቴ ስዳስሰው አበጥ ያለ ቦታ አገኘሁ። ካርታው ለካ ሁለት ወረቀት ነው፤ የላይኛውና የታችኛው። የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቦ ተለጥፏል። የተደረበውን ለካሁት፤ ሃያ ሁለት ነጥብ አምስት ሳንቲ ሜትር። በእጄም ለካሁት፤ አንድ ስንዝር፣ እቅጭ። በካርታው መለኪያ አንድ ሳንቲ ሜትር ሃያ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ያ ስንዝር አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሰባት መቶ ሰማንያ ላይ ቢደምሩት ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ። የእናቴ ክር።

እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ያስረዱኝ ሻይ የሚያዞሩት እናት ናቸው፤ በቢሮዎ ውስጥ የሆነውን ሁሉ የሚያውቁ፣ በስብሰባ ግን የማይጠሩ ሴት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደዚህ ሕንጻ ስትዛወሩ የአዲሱ ቢሮ ጣሪያ ዝቅ ያለ ሆነና ካርታው ከቁም ሣጥኑ በላይ አልገባ አለ። አናጢው «ወይ ቁም ሣጥኑ ይነሣ፣ ወይ ካርታው ይቆረጥ» አለ። ቁም ሣጥኑ እንዳይነሣ ፋይል ሞልቶት ከብዷል፤ ፋይሉ እንዳይወጣ ቁልፉ በዕቃ ማጓጓዙ ላይ ጠፍቷል። «ታዲያ ጌታዬ መጡና፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩት አዩትና፣ የመንግሥት ንብረት አይቆረጥም፤ ደርባችሁ ለጥፉት አሉ» ብለው ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ጌታዬ ያሉት እርስዎን ነው።

ለንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም። ወረቀቱ ቢቆረጥ ኖሮ ጉዳት ይደርስበት ነበር። የተጎዳው አገሩ ብቻ ሆኖ ተረፈ።

ማታውን ለእናቴ በስልክ ስነግራት አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን እስፒሎች ሳትተፋ አልሳቀችም። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ኖሬያለሁ። ሱሪው ያጥራል እንጂ ሰውየው አጥሮ አያውቅም» አለችኝ። በሙያዋ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነች አስተያየቷን አካትቼዋለሁ።

በዚያች ስንዝር ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ፤ ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁና። ሐይቁና ሁለቱ ከተሞች። በአንደኛው ከተማ አብሮኝ የተመረቀ፣ እኛ «ኮምፓስ» የምንለው ልጅ ያስተምራል። ባለፈው ወር ለዝውውሩ የጉዞ ጊዜ ማረጋገጫ እንድትሰጡት ጽፎ፣ «የጠቀሱት ከተማ በሰሌዳው ላይ ስላልተገኘ ጥያቄዎን ለማስተናገድ አልተቻለም» የሚል መልስ ደርሶት ነበር። ደውሎም «አንቺ እንኳ ንገሪኝ፤ እኔ አለሁ ወይ?» አለኝ። ያኔ ስቄበታለሁ። አሁን ግን በይፋ ልመልስለት እወዳለሁ፤ ወዳጄ ኮምፓስ፣ አለህ፤ ከሙጫ ሥር ነህ።

ፓይለቶቻችን ሰሌዳዎን አንብበው ስለማያውቁም ምስጋናዬ በያሉበት ይድረሳቸው። ቢያነቡት ኖሮ አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ እንደሞላ፣ እዚያ ሐይቅ ላይ ያሳርፉን ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ይግባኙ ጥሪ።

ይህ የዛሬ ነው፤ ገና ትኩስ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይግባኝ አስገብቼ፣ አዳሬን ወንድሜ ቤት እያደረግሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከእርሱ ዳቦ አንዱን ይዤ እዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ስጠባበቅ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጸሐፊዎ የእኔን ፋይል ስትከፍት አየሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስልክ አንሥታ ስትደውል አየሁ። የደወለችው እናቴ ዘንድ ነው። መመሪያው ተፈታኝ በመኖሪያ አድራሻው ይጠራ ስለሚል፣ እኔም አድራሻዬ እዚያ ስለሆነ፣ ፊት ለፊቴ ሆና እያየችኝ፣ «የልጅዎ ይግባኝ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይታያል፤ በአካል እንድትቀርብ ይንገሩልን» አለቻት። የእናቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እስከ እኔ ይሰማ ነበር፤ «ኧረ ልጄ፣ እዚያው እናንተ ጋ እኮ ናት፤ እስቲ ቀና ብለሽ እዪ!» ትላለች። ጸሐፊዎ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስልኩን ዘጋችና በትልቅ ትሕትና «እናትሽ የሚነግሩሽ ነገር አለ» አለችኝ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች።

ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ እስከ ተቀመጥኩበት ወንበር በብረት ሜትሬ አራት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ነው። መልእክቱ ግን ደርሶ መልስ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ተጉዞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ከሰሌዳው ፈጥኖ የተጓዘ ነገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነው። እውነተኛው መንገድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ በራስዎ ስሌት ለስድስት መቶ ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ያቺ ሦስት ደቂቃ ግን በመመሪያዎ የአምስት ቀን ባለመብት ታደርገኛለች፤ ማክሰኞ የተጠራሁት ቅዳሜ በቀጥታው አውሮፕላን መጥቼ፣ እሑድ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሰው መስዬ እፈተን ነበር ማለት ነው። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የይግባኝ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰሌዳውን ብቻ ከፍቶ ካየ፣ «አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ» ይላል፤ ማኅተሙም ይጸናል። ማኅተሙ ከጸና ደግሞ ሳይቀርብ የቀረ ሰው ለሁለት ዓመት አያመለክትም። ከሰዓት በኋላ ፈተናውን ያለፉት ዝርዝር ይታሸጋል። ቦታው አንድ ነው። ሥራው ርቀትን በትክክል መለካት ነው። ከዚህ በላይ ምን ብዬ እንደማስረዳዎ አላውቅም፤ ስቄ ልለፈው ብልም ይቺ ላይ ሲደርስ ሳቁ እምቢ ይለኛል።

ስለዚህ ኮሚቴው ነገ ከመቀመጡ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ በኮሪደሩ ቆሞ፣ ከታች ወደ ላይ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር በትሕትና እጠይቃለሁ። ቁጥር የሚያውቅ ሰው ይበቃል፤ ባለሙያ አያስፈልግም። ባለሙያ ካስፈለገ ጥበቃው አለ። ማኅተሙም ተነሥቶልኝ እንድፈተን ይፈቀድልኝ፤ ፈተናውን ከወደቅሁ ልክ ነው፣ በራሴ ልክ ወድቄ እሄዳለሁ። በሙጫ ግን አልወድቅም።

ብቀጠር ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ከወዲሁ አቅጄዋለሁ፦ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ንጹሕ ጨርቅ፣ ብዙ ትዕግሥት። ወረቀቱ አይቀደድም፤ ቃል እገባለሁ፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ላይኛው ወረቀት ቀስ ብሎ ይላቀቅና ሐይቁ ብቅ ይላል፤ ከሐይቁ ግራና ቀኝ ሁለቱ ከተሞች፤ ከከተሞቹ በአንዱ ኮምፓስ። ጣሪያው ካልበቃን ካርታውን በቁም ሣጥኑ ፊት እናወርደዋለን፤ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን እንደሆነ በካርታ ቢሸፈን ማንም አይጎዳም።

ስለ ሰጡኝ ምቹ አግዳሚ ወንበር፣ ስለማይለቀው ቀለም፣ እንዲሁም በአራት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤት በአራት ዓመት ያላስተማረኝን ስላስተማሩኝ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ በነገው የጠዋት ጋዜጣ እንደሚወጣ ስለተነገረኝ፣ ከስብሰባው በፊት እጅዎ ይገባ ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሰሌዳዎ ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ በእናቷ ክር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ በአሁኑ ሰዓት ግን ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አራት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ርቃ የምትገኘው፣ በፊርማዋ እንዳረጋገጠችውም እዚህ የሌለችው፣

ታዛዥ አመልካችዎ

ግልባጭ፦
ለጥበቃው (የሜትሩን ጫፍ ስለያዙልኝ)
ለኮምፓስ (ባለህበት፤ አለህና)

ማስታወሻ፦ ሸላሚዬን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። አምና በምረቃችን ዕለት የክብር እንግዳችን እርስዎ ነበሩ። ፕሮግራሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይል ነበር፤ እኛም ጥቁር ጋውናችንን ለብሰን ሜዳው ላይ በፀሐይ ተሰልፈን ጠበቅንዎ። የደረሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። «አውሮፕላኑ ዘግይቶብኝ ነው» አሉን፤ አውሮፕላኑ ግን አልዘገየም ነበር፣ ሰሌዳዎን አምነው ወጥተው ነው። ከዚያም «ለወጣት ርቀት የሚባል ነገር የለም» ብለው ንግግር አደረጉልንና፣ በትምህርቴ አንደኛ ለወጣሁት ለእኔ ያንን የብረት ሜትር በእጅዎ ሰጡኝ። እኛ ያን ዕለት አምስት ሰዓት ላረፈደ ሰው የሚመታ ቀይ ማኅተም አልነበረንምና ተነሥተን አጨበጨብንልዎ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሜትሩን ይዤ ካርታው ሥር እጠብቅዎታለሁ፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።